የባሕር ወፍ በደጋ ምን ይሠራል?

ጉብሬ ላይ ቆሞ ባሕር ያማረው ሰው ብዙ መንገድ ይጠብቀዋል። ከወልቂጤ አጠገብ ያለችው ይህች የእንሰት አገር ከተማ በአየር መስመር እንኳ ቢለካ ከቅርቧ የባሕር ዳርቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይሁንና ከእርሷ በስተምሥራቅ፣ ከቡታጅራ ማዶ፣ በዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ላይ በበጋ ወራት የሰሜን አውሮፓ ባሕር ዳርቻ ወፎች ይታያሉ። ጀርባቸው የጠቆረ፣ ሆዳቸው የነጣ፣ ፈረንጆቹ «ጋል» የሚሏቸው ናቸው።

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» እንላለን። ለመሆኑ የእነዚህ አገራቸው የት ነው?

አውሮፓውያንም በበኩላቸው የእነርሱ ወፎች ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1822 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ጀርመን ክሉትስ በተባለ ሥፍራ አንድ ሽመላ ተገደለች። አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደ ተሰካ ነበር። ጦሩን የወረወረው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ለክርክሩ ከማንም የበለጠ ማስረጃ የሰጠው እርሱ ነው። ሽመላዋ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣለች። በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ መምህር በወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ወፏ ራሷ ደብዳቤ ተሸካሚ ሆነች።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ ታሪኩ ከምጽዋ ይጀምራል። ሄምፕሪሕና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሊቃውንት ከግብጽ ተነሥተው እስከዚያች ወደብ ደረሱ፤ ሄምፕሪሕ ግን በ1825 በዚያው በንዳድ ሞተ። ዛሬ በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖር አንድ የባሕር ወፍ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።

በአገራችን ምድር የተደራጀው ሥራ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡትን ነጭ ፔሊካኖች አጠኑ፤ በ1971ም የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። አሽና አትኪንስ ያዘጋጁት የወፎች ሥርጭት አትላስ የወጣው ደግሞ በ2009 ነው።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው አንድ ነገር ነው፤ «ያልተለመደ» የምንለው ብዙ ጊዜ ያልተጻፈውን ነው። አልፎ አልፎ ማዕበል የገፋት፣ መንገድ የሳተች ወፍ ትኖራለች። የሚበዙት ግን መንገዳቸውን የሚያውቁ ናቸው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደሩት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለእነርሱ እንደ ማረፊያ ጣቢያ ናቸው፤ ጨው ያለበት የአቢያታ ጭቃማ ዳርቻም ከባሕር ዳርቻ ብዙ አይለይም።

ጣቢያው ግን እየጠፋ ነው። የሻላ ፔሊካኖች የሚራቡት ሰላም ባለው ደሴት ላይ ሆኖ፣ ዓሣ የሚያጠምዱት በመካከል ያለውን ጠባብ መሬት ተሻግረው ከአቢያታ ነበር። ወደ አቢያታ የሚወርደው ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ለሶዳ አሽ ምርትም ከራሱ ከሐይቁ ውኃ ተቀዳ። ሐይቁ ሸሸ፣ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ለመብረር ተገደዱ። እንግዳ አልመጣም ብለን ከመውቀሳችን በፊት ቤታችንን ማየት ይገባን ነበር።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ጸሐፊዎች የውጭ አገር ሰዎች መሆናቸውን አንባቢ ሳይታዘብ አይቀርም። የአገሬው ሰው ግን ዓይን አልጎደለውም፤ የጎደለው ብዕር ነው። ወፍ በመጣ ጊዜ የሚያይ፣ የዘገየ ጊዜ የሚጠይቅ ገበሬ በየወንዙ ዳር አለ። ጉብሬም ዛሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። አንድ ደብተር፣ የታየበት ቀን፣ የታየበት ቦታ፣ ወፉ በጉራግኛ የሚጠራበት ስም፤ ለመጀመር ይህ ይበቃል። ውኃው ደርቆ ወፎቹ መምጣት ሲያቆሙ፣ መጥተው እንደ ነበር የሚመሰክር ጽሑፍ ሊኖረን ይገባል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ውኃውን ጠብቀን ምስክር የማያስፈልገን ብንሆን ነው።