ኢንዱራንስ (ፊልም)

ኢንዱራንስ (ትርጉሙ «ጽናት») የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት የሚተርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየ ፊልም ነው። ዘጋቢ ፊልምንና ድራማን ያጣምራል። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ ሲሆን፣ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ አሜሪካዊው ቴሬንስ ማሊክ ነው። ፊልሙን ያቀረበው ዋልት ዲዝኒ ነው።

ታሪኩ

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1973 በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገው ከዚያ በቀረ ልማድ ነው ይባላል። በ1980 ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ ማሸነፉ ሕልሙን አነሣሣው። አባቱ ግን ሩጫውን አልደገፉም።

ተዋንያን

የኃይሌ ልጅነት በካሜራ የተቀረጸ ስላልነበረ በትወና መቅረብ ነበረበት። ለዚህም የታወቁ ተዋንያን ሳይሆኑ የገዛ ቤተሰቡ ተመረጡ። ልጁን ኃይሌ ሆኖ የሚተውነው የቅርብ ዘመዱ ዮናስ ዘርጋው ነው። ኃይሌ በልጅነቱ ያጣቸውን እናቱን ሆና የተወነችው ደግሞ እኅቱ ናት፤ በዚህም ልጅ የገዛ እናቷን ቦታ ይዛ ትታያለች። አዋቂውን ኃይሌ ራሱ ይተውናል።

መደምደሚያው ግን ትወና አይደለም። ኃይሌ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ በ27 ደቂቃ ከ07.34 ሴኮንድ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘበት እውነተኛው ውድድር ነው።