ማውንት ቬርነንን የገዛው የሴቶች ማኅበር

ከአገር ቤት እናት፣ እህት ወይም አክስት ሊጠይቁን ሲመጡ መጀመሪያ የምናስጎበኛቸው ዋይት ሐውስን፣ ካፒቶልንና የሊንከንን መታሰቢያ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ደቡብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኘው ማውንት ቬርነን ብዙ ጊዜ ለሌላ ቀን ይቀራል። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የኖረበትና የተቀበረበት ቦታ ነው። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ማውንት ቬርነን የመንግሥት ንብረት አይደለም። ከ160 ዓመት በላይ የሴቶች ማኅበር ንብረት ሆኖ ቆይቷል። እንዴት ወደ እጃቸው እንደ ገባ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ብንተርከው ይጠቅማል ብለናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋሽንግተን በ1799 ከሞተ በኋላ ቤቱ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲተላለፍ ቆየ። በ1850ዎቹ ባለቤቱ ጆን ኦገስቲን ዋሽንግተን 3ኛ የሚባል የወንድም ዘር ነበር። እርሻው ወጪውን አልሸፈነለትም፤ ቤቱም አርጅቶ የበረንዳው ጣሪያ በመርከብ ምሰሶ ተደግፎ ነበር። ለፌዴራል መንግሥትና ለቨርጂኒያ ግዛት በ200,000 ዶላር ሊሸጥ ቢጠይቅም ሁለቱም አልገዙም።

በ1853 ሉዊዛ ካኒንግሃም የምትባል የደቡብ ካሮላይና ሴት በእንፋሎት መርከብ በወንዙ ስታልፍ ቤቱን አይታ አዘነች። ወንዶቹ ካልጠበቁት ሴቶቹ ለምን አያድኑትም የሚል ሐሳብ ለልጇ ጻፈች። ልጇ አን ፓሜላ ያን ጊዜ 37 ዓመቷ ነበር። በወጣትነቷ ከፈረስ ወድቃ ስለ ነበር ጤና አልነበራትም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለደቡብ ሴቶች የተጻፈ ጥሪ በጋዜጣ አወጣች። የጨዋ ሴት ስም በጋዜጣ መውጣቱ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር በስሟ ሳይሆን በብዕር ስም ፈረመች።

ጥሪው ብቻውን ገንዘብ አላመጣም፤ ገንዘቡን ያመጣው አደረጃጀቱ ነው። ካኒንግሃም የማኅበሩ ሰብሳቢ ሆነች። ለየግዛቱ አንዳንድ ምክትል ተመረጠላት። ምክትሎቹም በየከተማቸው ሰብሳቢ ሴቶችን መደቡ። ከአንድ ዶላር ጀምሮ ይቀበሉ ነበር። ኤድዋርድ ኤቨረት የተባለ ስመ ጥር ተናጋሪ ከከተማ ከተማ እየዞረ ስለ ዋሽንግተን ንግግር በማድረግ 69,000 ዶላር ያህል አስገባላቸው። አብዛኛው ግን ከትንንሽ መዋጮ የመጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደምንለው ነው።

ቀጥሎ የገጠማቸው እንቅፋት ሕግ ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሴቶች አይመርጡም፤ ያገባች ሴት ንብረትም በአብዛኛው በባሏ እጅ ነበር። የመጀመሪያው ፈቃድ ሴቶቹ ገንዘቡን እንዲሰበስቡ፣ ቤቱ ግን የቨርጂኒያ ግዛት እንዲሆን የሚያደርግ ነበር። ባለቤቱ አልተስማማም። በ1858 የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ማኅበሩ በራሱ ስም እንዲገዛ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር 18,000 ዶላር ቅድሚያ ከፍለው ውሉን ተዋዋሉ፤ ቀሪው በዓመታዊ ክፍያ የሚያልቅ ነበር። የሚበዛውን ከቀነ ገደቡ ቀድመው ከፈሉና በ1860 የካቲት 22፣ በዋሽንግተን የልደት ቀን፣ ቤቱን ተረከቡ።

በዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ካኒንግሃም በደቡብ ካሮላይና ቀረች። ቤቱ የነበረው ሁለቱ ጦሮች በሚገናኙበት አካባቢ ነው። የሰሜን ተወላጅ የሆነችው የማኅበሩ ጸሐፊ ሳራ ትሬሲ ከቨርጂኒያዊው ተቆጣጣሪ ከአፕተን ኸርበርት ጋር ሆና ጠበቀችው። ለጉብኝት የሚመጣ ወታደር የየትኛውም ወገን ቢሆን መሣሪያውን ውጭ አስቀምጦ እንዲገባ ተደረገ። የማለፊያ ፈቃድ ለማግኘት ትሬሲ እስከ ፕሬዚዳንት ሊንከን ድረስ ሄዳለች። ሰብሳቢዋ በሌለችበት ማኅበሩ ያልፈረሰው ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ስላልነበረ ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ግን አለ፤ እንግዶቻችንም ሊያውቁት ይገባል። ዋሽንግተን ሲሞት በማውንት ቬርነን 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። የራሱ የነበሩት በኑዛዜው መሠረት ነፃ ወጡ። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ግን የሚስቱ የማርታ የመጀመሪያ ባል ርስት ስለ ነበሩ ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። አብረው የኖሩ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። የካኒንግሃም ቤተሰብም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ያዳኑት ቤትና መቃብር የጌታውን ነው፤ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቀው የተቀበሩት ባሪያዎች ምልክት እንኳ አልነበራቸውም። ቀድሞ በዚያው በባርነት የኖረው ኤድመንድ ፓርከር ግን እስከ 1890ዎቹ ድረስ ለጎብኚዎች የዋሽንግተንን መቃብር ይጠብቅ ነበር።

ማኅበሩ በባሪያዎቹ መቃብር ላይ ድንጋይ ያኖረው በ1929 ነው። ጽሑፉ ታማኝ አገልጋዮች ይላቸዋል እንጂ የአንዳቸውንም ስም አይጠራም። በ1983 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነደፉት መታሰቢያ ቆመ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አፅም ሳይነኩ የመቃብሮቹን ቦታ ሲለዩ ቆይተዋል። ጠባቂው ማኅበር ራሱ ለቀድሞው ዝምታ መልስ እየሰጠ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ወስደናል። አንደኛ፣ ማኅበር ከመሥራቿ በኋላ የሚቆየው ሥራው ሲከፋፈልና ሂሳቡ ሲታወቅ ነው። ካኒንግሃም በ1875 ሞተች፤ ማኅበሩ ግን ዛሬም የመንግሥት ድጎማ ሳይቀበል ቤቱን ያስተዳድራል። ሁለተኛ፣ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ከጊዜ በኋላ ተፈልጎም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በዓመታዊ መዝገባችን የኮሚቴውና የለጋሾቹ ስም ሲሰፍር፣ ለዝግጅቱ እንጀራ የጋገሩት፣ ወጥ የሠሩት፣ አዳራሽ የጠረጉትና ልጅ የያዙት አባላት ስም በእኩል መስመር እንዲጻፍ ሐሳብ እናቀርባለን። እንግዳ ይዘን ማውንት ቬርነን ስንሄድም በትልቁ ቤት ጉብኝት ብቻ አንመለስ። በዛፎቹ መካከል ያለውን መንገድ ይዘን ወደ ባሪያዎቹ መቃብር እንውረድና ቆም ብለን ነፍስ ይማር እንበል።