የሻምበል ስቶተን ጥቅል ፊልም

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1962 በዋይት ሃውስ፣ በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ይጨፍራሉ፤ አባትየው ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ካሮላይን 5 ዓመት ገና አልሞላትም፤ ጆን ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን የቀረው ወር ከምናምን ነው። ድምፁን ከውጭ የሰማው የጦር ሠራዊቱ ፎቶ አንሺ ሻምበል ሴሲል ስቶተን ገብቶ ማንሳት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ተፈቀደለት፤ 12 ጊዜ አነሳ። ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ ፕሬዚዳንቱ አንዱን መረጡና ለፕሬስ ጸሐፊያቸው ለፒየር ሳሊንጀር ሰጡት። ያ ፎቶ በየአገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በስድስተኛው ቀን ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ ሚሳይል መትከሏ ለኬኔዲ ተነገራቸው።

እኔን የሚይዙኝ የቀሩት 11 ናቸው። የተመረጠው ፎቶ ኬኔዲ በሕዝብ ፊት እንዴት መታየት እንደፈለጉ ይነግረናል። ያቺ ቀን ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ ግን ጥቅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ግድ ነው።

ፕሬዚዳንቶች ፎቶ መነሳት የጀመሩት በኬኔዲ ዘመን አይደለም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በፖሊዮ እግራቸው ሰልሎ በተሽከርካሪ ወንበር ሲሄዱ የሚያሳይ ፎቶ እንዳይነሳ ጠባቂዎቻቸው ይከላከሉ ስለነበር፣ ከዚያ ሁሉ የሥልጣን ዘመን የተረፉት እንዲህ ያሉ ፎቶዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በእሳቸው ጊዜ የጀመረው የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ አቢ ሮውም በአብዛኛው ሥነ ሥርዓት ሲኖር የሚጠራ ሰው ነበር። በ1961 ስቶተን ሲመደብ የተለወጠው ነገር ቅርበቱ ነው። ሥራው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ ከፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ደወል ሲደርሰው ካሜራውን አንጠልጥሎ ይደርሳል። የባሕር ኃይሉ ሮበርት ክኑድሰንም አብሮት ያነሳ ነበር፤ ተንቀሳቃሽ ፊልሙን ደግሞ የባሕር ኃይል ካሜራ ሠራተኞች ይይዙ ነበር። ስቶተን ብቻውን ከ8,000 በላይ ፎቶ አንስቷል። አምባሳደር ሲቀበሉም፣ ልጅ ሲያቅፉም፣ በጀልባ ሲዝናኑም ያው ወታደር፣ ያው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው ያነሳቸው። የመንግሥቱ ሥራና የቤቱ ኑሮ በአንድ መዝገብ ገቡ።

በዚህ ያልተደሰተችው እናትየው ናት። ዣክሊን ኬኔዲ ልጆቿ የጋዜጣ ሲሳይ እንዲሆኑ አትፈልግም ነበር፤ ባለቤቷ ግን የፎቶን ጉልበት ያውቁታል። ጆን ከአባቱ ጠረጴዛ ሥር ብቅ ብሎ የሚታይበትን ዝነኛ ፎቶ የሉክ መጽሔቱ ስታንሊ ትሬቲክ ያነሳው በኦክቶበር 1963፣ እሷ ግሪክ በነበረችበት ሰሞን ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ስናይ የማን ፈቃድ እንደነበረበት መጠየቅ አለብን። ሕፃኑ አልተጠየቀም፤ እናቱም በቦታው የለችም።

ወደ ግሪክ የሄደችበት ቀን ለእኛ አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። ኦክቶበር 1 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ሆና ጣቢያው ድረስ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ፓትሪክ የተባለው ጨቅላ ልጇ በኦገስት ተወልዶ በሁለተኛው ቀን ከሞተ ወዲህ እንዲህ ባለ ሥነ ሥርዓት ላይ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ጃንሆይ ካመጡላት ስጦታ አንዱ የነብር ቆዳ ካፖርት ነው፤ እዚያው ለብሳ ወደ አትክልቱ ቦታ ወጣች። ማታውን ጉዞ ስለነበረባት በእራት ግብዣው ላይ አማቷ ሮዝ ኬኔዲ አስተናገዱ። በ55ኛው ቀን ጃንሆይ እንደገና ዋሽንግተን ነበሩ፤ ከሻርል ደ ጎል አጠገብ፣ ከኬኔዲ አስከሬን ኋላ በእግራቸው ሲሄዱ ካሜራዎች ቀርጸዋቸዋል።

በመካከሉ ኬኔዲ የተገደሉባት ዳላስ አለች። ኖቬምበር 22 ቀን ስቶተን ሆስፒታሉ ውስጥ ሳለ ምክትላቸው ሊንደን ጆንሰን ተቻኩለው ሲወጡ አየ፤ ወደ ዋሽንግተን እንደሚመለሱ ሲሰማ እሱም ወደ ፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ገሰገሰ። የዜና ወኪሎች በሽቦ የሚያስተላልፉት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስለነበር የቀለም ፊልሙን አውጥቶ ሃሰልብላድ ካሜራውን ጥቁርና ነጭ አጎረሰው። የአውሮፕላኑ ጠባብ ክፍል በሰው ታጭቋል፤ ካሜራ ይዞ የገባ ፎቶ አንሺ እሱ ብቻ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ዳኛ ሣራ ሂውዝ የጆንሰንን ቃለ መሐላ ሊያስፈጽሙ ሲሉ ተጫነው፤ ካሜራው አልሠራ አለ። በግርግሩ አንዲት ማገናኛ ላልታ ኖሯል። በጣቱ ገፋ አደረጋትና እንደገና ተጫነ፤ ሠራ።

ዣክሊን ከአዲሱ ፕሬዚዳንት ጎን ቆማለች፤ ልብሷ በባሏ ደም ተነክሯል። ደሙ እንዳይታይ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ እንዳነሳ ስቶተን በኋላ ተናግሯል። ያን ቀን ፎቶ የሚመርጥ ፕሬዚዳንት አልነበረም። ምን ይታይ፣ ምን ይቅር የሚለውን ሻምበሉ ራሱ፣ እዚያው ቆሞ፣ በዓይኑ ወሰነ። በእኔ ፍርድ ለዚያ ቤት ከሠራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ደሙን ከፎቶው በማስቀረቱ ልወቅሰው አልችልም፤ ግን ታሪክ ስጽፍ ደሙ እንደነበረ መጻፍ አለብኝ።

ፊልሙ እዚያው ዳላስ መታጠብ ነበረበት። ስቶተን ከአውሮፕላኑ ወረደ፤ ኬኔዲን በሣጥን፣ ሚስታቸውንና አዲሱን ፕሬዚዳንት ይዞ አውሮፕላኑ ሲነሳ፣ እሱ ጥቅሉን ይዞ ወደ ከተማው ተመለሰ።