ኤር ፍራየር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ቲክቶክ ላይ አምስት ደቂቃ የቆየ ሰው ሳያያት አይቀርም። ጥቁር፣ ሆዷ ነፋ ያለ፣ ከፊቷ መሳቢያ ያላት ዕቃ። አንድ እጅ ጥሬ ድንች ይጨምርባታል፣ ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ቢጫ ብሎ የደረሰ ቺፕስ ይወጣል። ከሥር «ያለ ምንም ዘይት!» የሚል ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የቴሌግራም ሊንክ። ዋጋ የለም፣ «ኢንቦክስ» ነው። ኢንቦክስ ተገብቶ የሚነገረው ቁጥር ግን ሥራ ለጀመረ ልጅ የወር ደሞዙን ጠቅልሎ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ነገሩን ረጋ ብለን እንየው።

ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። መልሱ ያለው ዕቃዋ ጋ ሳይሆን እናንተ ማድቤት ውስጥ ነው። እስቲ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቤታችሁ የተበላውን አስታውሱ። ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ፍርፍር ከሆነ ኤር ፍራየር ከእነዚህ አንዱንም አትሠራላችሁም። ድንች ጥብስ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ሳምቡሳ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ካለ ግን ወሬው እናንተን ይመለከታል።

ስሟ ያሳስታል

«ፍራየር» ሲባል ዘይት ውስጥ የሚጠብስ ነገር ይመስላል። እሷ ግን ትንሽዬ ኦቨን ናት። ከላይ የሚግል ሽቦ አለ፣ ከእሱ በላይ ፋን አለ። ፋኑ የጋለውን አየር ወደ ታች እየገፋ ጠባቧ ክፍል ውስጥ በፍጥነት ያዞረዋል። ምግቡ የሚቀመጠው ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ላይ ስለሆነ አየሩ ከሥርም ያገኘዋል። የምግቡ ላይኛው ገጽ ውሃው ቶሎ ተንኖ ይደርቃል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ክሪስፒ ይሆናል። አስማቱ ይሄው ነው።

አሠራሩም አዲስ አይደለም። ፋን ያለው ኦቨን ዳቦ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ፍሬድ ቫን ደር ዋይ የሚባል ሆላንዳዊ ሐሳቡን ለቤት በሚሆን መጠን አሳነሰው፣ ፊሊፕስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን ላይ «ኤርፍራየር» ብሎ አስተዋወቀው። ሌሎቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ቤታችሁ ፋን ያለው ኦቨን ካለ የኤር ፍራየርን ሥራ አብዛኛውን መሥራት ስለሚችል ነው። ኦቨን ያለው ስቶቭ ተገዝቶ ኦቨኑ የድስትና የትሪ ማስቀመጫ የሆነበት ቤት ስንት ነው? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ድስቶቹን አውጡና አንድ ቀን ድንች ሞክሩበት። ልዩነቱ ፍጥነት ነው። ትልቅ ኦቨን እስኪሞቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ኤር ፍራየር ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃታል።

ቆጣሪው ምን ይላል?

«መብራት ትበላለች» የሚለው ፍርሃት በአብዛኛው የተጋነነ ነው። ከ4 እስከ 5 ሊትር የሆነች ኤር ፍራየር ብዙውን ጊዜ ከ1,400 እስከ 1,700 ዋት ተብሎ ይጻፍባታል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ግን የምትሠራው ለአጭር ጊዜ ነው። 1,500 ዋት የሆነችው 20 ደቂቃ ብትሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ትቆጥራለች። ያውም የፈለገችው ሙቀት ላይ ስትደርስ እየጠፋች እየበራች ስለምትሄድ ከዚያም ያንሳል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ብትጠቀሙባት በወር ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከእንጀራ ምጣድ ጋር ብናወዳድራትስ? ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። የአንድ ቀን ጋገራ የአሥር ቀን ኤር ፍራየር ነው እንደማለት።

በብር ስንት እንደሚመጣ ለማወቅ 15ን የመጨረሻ ደረሰኛችሁ ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዙት። የቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ስለሆነ ብዙ የሚጠቀም ቤት ለአንዱም የሚከፍለው ከፍ ያለ ነው፤ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ቢሆንም ዘይት አሙቆ በኤሌክትሪክ ስቶቭ መጥበስም መብራት ይበላልና በዚህ በኩል የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። 1,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። ምጣዱ ብቻውን ወደ 16 ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ከሰካችሁ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ብሬከሩ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ይግላል። ቴሌቪዥን፣ ቻርጀርና ዋይፋይ በተደረደሩበት ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ኤር ፍራየር አትሰኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላይ ብቻዋን ትሰካ። ስትነኩት ሶኬቱ ከሞቀ ወይም የሆነ ሽታ ካለ ንቀሉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ራት ሰዓት ላይ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁም አስቡበት። ከሰልም ጋዝም አይተካላትም።

የዘይቱ ሒሳብ

ሻጮች በጣም የሚወዱት አባባል «በዘይት ብቻ ዋጋዋን ትመልሳለች» የሚለው ነው። እንቁጠረው። ለስሌት ያህል ዕቃዋ 12,000 ብር፣ አንድ ሊትር ዘይት 300 ብር ነው እንበል። በወር አንድ ሊትር ዘይት ካተረፈችላችሁ ዋጋዋን ለመመለስ 40 ወር ያስፈልጋል፣ ሦስት ዓመት ከአራት ወር። ሁለት ሊትር ካተረፈች 20 ወር። በሰፈራችሁ ባለው ዋጋ ራሳችሁ አስሉት፣ አካፍሉና እዩት።

ደግሞም አንድ ሊትር ማትረፍ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ቺፕስ የተጠበሰበት ዘይት በአብዛኛው ቤት አይደፋም። ይጠለላል፣ ይቀመጣል፣ ይደገማል። ድንቹ ይዞ የሚሄደው ጥቂቱን ነው። ከዚህም በላይ ቤት ውስጥ ዘይት የሚያልቀው በጥብስ ሳይሆን በወጥ ነው፤ ወጡን ደግሞ ኤር ፍራየር አትነካውም። በሳምንት አንድ ጊዜ ድንች የሚጠብስ ሰው «ዘይት ልቆጥብ» ብሎ ቢገዛት ሒሳቡ አይመጣለትም። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለንም።

ታዲያ ሰው ለምን ይወዳታል? ጊዜና እፎይታ ስለምትሰጥ ነው። ዶሮውን አስገብታችሁ ሰዓቱን ሞልታችሁ ትሄዳላችሁ። የሚፈናጠር ዘይት የለም፣ ቆሞ መጠበቅ የለም። በተለይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ አልጋውና ማብሰያው ጎን ለጎን የሆነ ሰው ይህን በደንብ ይረዳል። ዘይት ሲጠበስ የሚነሳው ጭስ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ለነገ የተሰቀለው ሸሚዝ ላይ ይቀራል። ኤር ፍራየርም ሽታ አላት፣ ግን በጣም ያነሰ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ዋጋ ያላት ይመስለናል፣ የዘይቱን ነገር ሙሉ በሙሉ ትተን እንኳ።

የሚሆንላትና የማይሆንላት

አንደኛ ዶሮ ነው። የዶሮ እግር ቅመም ተቀብቶ በ190 ዲግሪ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ ገልበጥ። ቆዳው ዘይት ውስጥ ከተጠበሰው ብዙም አይለይም፣ የራሱ ስብ ይጠብሰዋልና። አጥንቱ ጋ ቀይ ነገር ካለ ጨምሩለት፤ ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ነው በሰለ የሚባለው። ዓሣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ስኳር ድንችም በጣም ያምርባታል። ትናንት የተረፈ ፒዛና ሳምቡሳ ማሞቅ ላይ ደግሞ ማይክሮዌቭ አጠገቧ አይደርስም።

ድንች ላይ ብዙ ሰው የሚናደደው «ያለ ዘይት» የሚለውን ቃል በቃል ስለሚወስደው ነው። ዘይት ፈጽሞ ያልነካው ድንች ይደርቃል እንጂ ቺፕስ አይሆንም። ከትፋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 20 ወይም 30 ደቂቃ አቆዩት፣ በጨርቅ በደንብ አድርቁት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሹት፣ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል። በመሃል ቅርጫቱን አውጥታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ቅርጫቱ ከግማሽ በላይ ከሞላ አየሩ መዞሪያ ያጣና ድንቹ በእንፋሎት ይቀቀላል።

የመጠኑ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። 4 ሊትር ተብላ የምትሸጠው ለአንድና ለሁለት ሰው ናት። አንድ ትሪ ከበው የሚበሉ ስድስት ሰዎች ባሉበት ቤት ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል፣ ወይም ያልቃል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሠላሳ ሳምቡሳ የሚጠበስበት ቤትም መጥበሻው ይሻለዋል። ጥቂት ሳምቡሳ ከሆነ ግን ዘይት በብሩሽ ቀብታችሁ በ180 ዲግሪ 10 ደቂቃ ቢሆንለት ያምራል፣ ቀለሙ ትንሽ ፈዛዛ ቢሆንም።

ሌላም አለ። በጾም ወቅት የጥብስ ነገር ስለሚበዛ ዕቃዋ ትጠቅማለች፣ ግን ቅርጫቷ አንድ ነው። የጾምና የፍስክ ዕቃ የሚለይበት ቤት ከሆነ ትናንት ዶሮ የወጣበት ቅርጫት ላይ ዛሬ ድንች ልጥበስ ስትሉ እናታችሁ ምን እንደሚሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የማይሆንላት? በቀጭን ሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ነገር ሁሉ፤ ሊጡ በቀዳዳው ይፈሳል። ቦምቦሊኖ ትንሽ ዳቦ ሆኖ ይወጣል። የበግ ጥብስ ስቡ እየተንጠባጠበ ያጨሳል፣ ሥጋው ይደርቃል፤ ሽንኩርቱና ቅቤው አብረው ካልጋሉ ደግሞ ምኑን ጥብስ ሆነ? ቡና መቁላት የሞከሩም አሉ። ገለባው በፋኑ ተነስቶ የጋለው ሽቦ ላይ ያርፋል፣ ያጨሳል። ቡናውን ለብረት ምጣዱ ተዉለት።

ስለ ጤና የሚባለው

እውነትነት አለው፣ ግን በልኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ስለሆነ ዘይት ውስጥ ከተነከረው ይልቅ በአንድ ማንኪያ የተሠራው ድንች ቀለል ይላል። በፓኬት የሚሸጠው በረዶ የሆነ ቺፕስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ዘይት ያየ ነው። ሌላው አክሪላማይድ ነው፤ ድንችና ዳቦን የመሰሉ ምግቦች ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበሱ ወይም ሲጋገሩ የሚፈጠር፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ንጥረ ነገር። ምግብ ውስጥ መኖሩን የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ አደረጉ። ኤር ፍራየር አታስቀረውም። ድንቹን ቀድሞ ውሃ ውስጥ ማቆየትና ጠቆር ሳይል ቢጫ እንዳለ ማውጣት ይቀንሰዋል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ

ከሁሉ በፊት ገልብጣችሁ ቮልቱን አንብቡ። 220 እስከ 240 ማለት አለበት። አሜሪካ ያለች አክስት የምታመጣላችሁ 120 ቮልት ስለሆነች ቀጥታ ከተሰካች ትቃጠላለች። 1,500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድና ውድ ነው፣ ስለዚህ አክስታችሁን ሌላ ነገር ጠይቁ። ከዱባይ የመጣችው በቮልት በኩል ችግር የለባትም። መሰኪያዋ ግን ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፤ በትንሿ ርካሽ አዳፕተር ከመሰካት መሰኪያውን በኤሌክትሪሺያን ማስቀየር ይሻላል።

«8 ፕሮግራም» «12 ፕሮግራም» የሚለው አያማልላችሁ። የዶሮ ሥዕል ያለበት ቁልፍ የሚያደርገው ዲግሪና ደቂቃ መሙላት ብቻ ነው። በእጅ የሚዞር ሁለት ቁልፍ ያላት ርካሿ ያንኑ ሥራ ትሠራለች። ይልቅ የውስጡን ቅርጫት እዩ። የማያጣብቅ ቅብ ካለው ያልተጫረ፣ ያልተላጠ መሆን አለበት። ቅርጫቱ ለብቻው ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነውና።

በዴሊቨሪ ከገዛችሁ ሳታዩ ሙሉ ብር አትላኩ። ሱቅም ሆነ ቤት በራፍ ላይ ሰክታችሁ 200 ዲግሪ ላይ አሥር ደቂቃ አሠሯት። ፋኑ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው፣ መሳቢያው በደንብ ካልተዘጋ፣ መልሱ። «ጋራንቲ አለው» ከተባለ በደረሰኝ ላይ ይጻፍ።

ቤት ስትገባ መጀመሪያ ባዶዋን መስኮት ከፍታችሁ 15 ደቂቃ አሠሯት፤ የፕላስቲክ ሽታ ይኖራታል፣ ያንን ታወጣው። ከኋላዋ ትኩስ አየር ስለምትተፋ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጓት፣ መጋረጃ ሥር አታስቀምጧት። ቅርጫቱን በስፖንጅ እጠቡት፣ ሽቦ መፈተጊያ አይንካው።