ጎተራውና ማኮብኮቢያው

ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ሰሜን፣ ከአጥሩ እጅግም ሳይርቅ፣ ሃርሞንድስወርዝ የምትባል የቆየች መንደር አለች። ዛሬ በታላቋ ለንደን ወሰን ውስጥ ትቆጠራለች፤ እስከ 1965 ድረስ ግን የሚድልሴክስ ገጠር ነበረች (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መልኳም እስከ ዛሬ የገጠር ነው፤ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት መጠጥ ቤቶች፣ ጠባብ ጎዳና። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ደግሞ የስድስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ጎተራ ቆሟል።

ጎተራ ስል የእኛ አገር ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ከደጅ የቆመውን፣ ከጭራሮ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተመረገውን የእህል ማኖሪያ ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ርዝመቱ ከ58 ሜትር በላይ፣ ስፋቱ 11 ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ይጠጋል። ግድግዳው ሳንቃ፣ ክዳኑ ሸክላ፣ አጥንቱ ኦክ የሚባለው ጽኑ እንጨት ነው። ወፋፍራም ምሰሶዎች በድንጋይ መሠረት ላይ ቆመው በዐሥራ ሦስት ረድፍ ጣሪያውን ይሸከማሉ፤ ውስጡንም እንደ ቤተ ክርስቲያን ከሦስት ይከፍሉታል፤ መካከሉ ሰፊና ረጅም፣ ግራና ቀኙ ጠባብና ዝቅ ያለ። ባለቅኔው ጆን ቤችማን «የሚድልሴክስ ካቴድራል» ብሎ የሰየመው ስለዚህ ነው። ስሙ አማረ እንጂ ሕንፃው የተሠራው ለጸሎት አልነበረም። የተሠራው ለነዶ ነው።

የዊንቸስተር ጳጳስ የነበረው ዊልያም ኦቭ ዊከም በ1391 የሃርሞንድስወርዝን ርስት ገዝቶ ላቋቋመው ትምህርት ቤት፣ ለዊንቸስተር ኮሌጅ፣ መተዳደሪያ አደረገው። ኮሌጁ የሚገኘው በሌላ አውራጃ፣ የሁለት ቀን መንገድ ያህል ርቆ ነው። የሚድልሴክስ ገበሬ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይከምራል፤ በዚያ ወዲያ ማዶ ተማሪዎች በላቲን ሰዋስው ይደክማሉ። በ1420ዎቹ የኮሌጁ ሰዎች አዲስ ጎተራ ለማሠራት ቆረጡ፤ እንጨትም ተገዛ፤ ከ1425 እስከ 1427 ባለው ጊዜ ውስጥ ሕንፃው ቆመ። በዘመናችን ሊቃውንት የምሰሶዎቹን የዕድገት ቀለበት ቆጥረው ዛፎቹ የተቆረጡበትን ጊዜ ሲመረምሩ፣ ውጤቱ ከኮሌጁ መዝገብ ጋር ገጠመ። ብራናና ግንድ እንዲህ በአንድ ቃል ሲመሰክሩ ማየት ለታሪክ ተማሪ ብርቅ ደስታ ነው።

ብዙ ሰው «የአስራት ጎተራ» ይለዋል፤ ስሕተት ነው። አስራት ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን የሚያገባው ግብር ነበር፤ በዚህ ጎተራ የሚከተተው ግን በዋናነት የባለርስቱ የራሱ መሬት ምርት ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ጀርባው ለጎበጠው ሠራተኛ ደግሞ ጭራሹን ልዩነት አልነበረውም ይሆናል። ምርቱ የሚከማቸው ከነነዶው ነበር። በእንግሊዝ አገር ሰማዩ ስለማይታመን ውቂያው እንደ እኛ በሜዳ አውድማ፣ በበሬ ኮቴ፣ በጠራ ፀሐይ አይካሄድም፤ ክረምቱን ሙሉ ከጣሪያ በታች በዱላ እየተደበደበ ፍሬው ከገለባው ይለያል። የዚያን ሕንፃ ግዝፈት የወለደው ከጌቶቹ ኩራት ይልቅ ዝናቡ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን በአጭሩ ይነገራል። በ1540ዎቹ ርስቱ ከኮሌጁ ወደ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ፣ ከንጉሡ ወደ ፓጀት ቤተሰብ ተላለፈ። ጌታ ተለወጠ፤ ነዶው ግን መግባቱን አላቆመም። ሕንፃው እስከ 1970ዎቹ ድረስ የእርሻ ጎተራ ሆኖ አገልግሏል። እስከ ዛሬ የቆመውም ማንም እንደ ቅርስ ስለተንከባከበው ሳይሆን ለሥራ ስለተፈለገ ይመስለኛል።

ሥራው ሲያበቃ ግን ሕግ ያስፈልገዋል። የእንግሊዝ ሕግ ወደዚህ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። ሰር ጆን ለቦክ የተባለ የባንክ ባለቤትና የምክር ቤት አባል በኤቨበሪ ያሉት ጥንታዊ የድንጋይ ክበቦች ቤት ሊሠራባቸው መሆኑን ሰምቶ መሬቱን በገዛ ገንዘቡ ገዛ። ቀጥሎም ለመላው አገር የሚሆን ሕግ ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ ዓመት ከዓመትም ተቃወሙት። ክርክራቸው አንድ ነበር፤ ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ያለውን ድንጋይ እንዳያነሣ መንግሥት ምን ሥልጣን አለው? በ1882 ሕጉ ሲወጣ ስቶንሄንጅን የመሰሉ 68 ሥፍራዎችን ብቻ ዘረዘረ፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ለመንግሥት ጥበቃ ካላስረከበ ደግሞ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ሰው የሚኖርበት ቤት፣ እህል ያለበት ጎተራ ከነጭራሹ አልተነሣም።

ያንን በር የከፈተው ጦርነት ነው። ቦምብ ከተሞችን ሲያፈራርስ መሐንዲሶች ከፍርስራሹ መካከል የትኛው ይጠገን፣ የትኛው ይጠረግ የሚለውን ለመወሰን ዝርዝር ያዙ። በ1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ኤክሰተርን፣ ባዝን፣ ኖርዊችን፣ ዮርክንና ካንተርበሪን፣ እነዚያን የታሪክ ከተሞች፣ መረጡ። ከዚህ ሐዘን በኋላ የ1944ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ታሪካዊ ሕንፃዎችን የመመዝገብ ሥልጣን ሰጠ፤ የ1947ቱም ሥልጣኑን ግዴታ አደረገው። ዛሬ በእንግሊዝ መዝገቡ ወደ 400,000 የሚጠጉ ስሞችን ይዟል። ማዕረጉ ሦስት ነው፤ አንደኛ፣ ባለኮከብ ሁለተኛ እና ሁለተኛ። ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው በመጨረሻው ማዕረግ ነው፤ ከእነዚህም መካከል የርግብ ቤት፣ የመንገድ ምልክት ድንጋይ፣ የመቃብር ሐውልት፣ ቀዩ የስልክ ቤት ሳይቀር ይገኛሉ። ጎተራችን በአንደኛው ማዕረግ፣ ከታላላቅ ቤተ መንግሥቶች ጎን ተሰልፏል። ለአንድ የነዶ ቤት ይህ ታላቅ ሹመት ነው፤ እኔም ስለዚህ ሹመት ያንን መዝገብ እወደዋለሁ።

ይሁን እንጂ መዝገብ ጣሪያ አይከድንም። ያለፈቃድ ማፍረስ ወንጀል ነው፤ ዝም ብሎ እንዲበሰብስ መተው ግን ቀስ ያለ ማፍረስ ነው፤ ሕጉም ይህን ለመያዝ እጁ ያጥራል። በ2006 ጎተራው በአንድ ፓውንድ፣ አዎን በአንድ፣ ለአንድ ኩባንያ ተሸጠ። ገዢው የተመኘው ጎተራውን ሳይሆን አዲስ ማኮብኮቢያ ቢሠራ የሚከፈለውን ካሳ ነው ተብሎ በጊዜው ተጽፏል። ክዳኑ ይረግፍ፣ ዝናቡ ይገባ ጀመር። በ2009 የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ለአስቸኳይ ጥገና ጣልቃ ገባ፤ ኋላም ሕንፃውን በ20,000 ፓውንድ ገዛው፤ ግዢውም በ2012 መጀመሪያ ይፋ ሆነ። በለንደን ዳርቻ መኪና ማቆሚያ እንኳ በዚህ ዋጋ በቀላሉ አይገኝም።

ማኮብኮቢያው ግን የመንደሪቱ ሰው በየጊዜው የሚያልመው ቅዠት ሆኖ ቀርቷል። አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ስሙን የወሰደው ሂት ሮው ከምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ነው፤ መንደሪቱ በጦርነቱ ጊዜ ሥልጣን ተወስዳ በ1944 ፈረሰች። ልብ በሉ፤ የአገሪቱን አሮጌ ቤቶች እንዲመዘግብ የታዘዘበት ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። የሃርሞንድስወርዝ ተራ ደግሞ በ2009 የመጣ መሰለ፤ የዚያን ጊዜው መንግሥት ሦስተኛውን ማኮብኮቢያ ፈቀደ፤ በ2010 የተተካው ሰረዘው። በ2018 ምክር ቤቱ እንደገና አጸደቀ፤ በ2020 የካቲት ላይ ፍርድ ቤት አገደው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳውን አነሣ። በ2025 ጥር ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሯ ፕሮጀክቱን መንግሥታቸው እንደሚደግፍ አስታወቁ።

በ2018 በጸደቀው ዕቅድ ከ750 በላይ ቤቶች ይፈርሳሉ፤ ከሃርሞንድስወርዝም የሚበዛው ክፍል በዚያ ውስጥ ነው። መስመሩ ሲሠመር ግን ጎተራውና ቤተ ክርስቲያኑ ከጥቂት ቤቶች ጋር ለጥቂት ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ክቡሩ ሕንፃ ይድናል፤ የጎረቤቱ ቤት አይድንም። ጎተራውን የሚያስጎበኙት በጎ ፈቃደኞች የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ የገዛ ቤታቸው ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደሚውል የሚያሰሉ አይጠፉባቸውም። ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ጎተራን ጎተራ ያደረገው ዙሪያው የነበረው ሰው ነው፤ ዘሪው፣ አጫጁ፣ ወቂው፣ አሁን ደግሞ ቁልፍ ያዢው። መንደሩ ከተነሣ በኋላ በማኮብኮቢያ አጥር ሥር ብቻውን የሚቆመውን ካቴድራል ምን እንደምንለው አላውቅም፤ የመዝገቡ ሦስት ማዕረጎች ለዚህ ስም የላቸውም።

በበጋው ወራት በአንዳንድ እሑዶች እነዚያ ሰዎች ታላላቆቹን በሮች ይከፍታሉ፤ መግቢያውም በነጻ ነው። ከደጅ ብርሃን ወደ ውስጥ የገባ እንግዳ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከላይ አውሮፕላን ያልፋል፤ አስጎብኚውም ድምፁ እስኪርቅ ንግግሩን ገታ ያደርግና ካቆመበት ይቀጥላል።