ሶስና ኃይሌና ውሃ የሚያሟሟው ጨው

ዛሬ የማወጋችሁ ሲያትል ላይ ስላስተማሩ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅና ማንም ስላላመነበት አንድ ጨው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ከተማዋን እንያት። ሲያትል ከላይ ዝናብ፣ ከታች የፒውጀት ሳውንድ ጨዋማ ውሃ አለባት። ወደቡ ዳር ወርዳችሁ አሮጌ የመርከብ ሰንሰለት በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት፦ ቡናማው ቅርፊት ይረግፋል፣ ከሥሩ ሌላ ቡናማ ብቅ ይላል። ብረቱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ኦክስጅን ይቀበላል፣ ጨዋማው ውሃ ያሸጋግራል። በዚህ መሀል ኃይል ይወጣል፤ ግን ለማንም ሳይጠቅም ይባክናል። በብረቱ ፋንታ ሃይድሮጂን አስገብቶ፣ ኤሌክትሮኑን በሽቦ አዙሮ አምፖል የሚያበራው መሣሪያ ፊውል ሴል ይባላል። ዝገት የሚከላከለውና ፊውል ሴል የሚሠራው መሐንዲስ የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ልውውጡን ይከለክላል፣ ሌላው ያፋጥናል።

እንግዲህ በ1993 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ክፍል አንዲት ወጣት ረዳት ፕሮፌሰር ተቀበለ። ሶስና ኃይሌ ይባላሉ። በ1966 አዲስ አበባ የተወለዱ፣ የግዕዙ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናቸው። አባት በደርግ ዘመን፣ በ1975፣ በወታደሮች ጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ቤተሰቡም ተሰዶ ሚኒሶታ ገባ። እዚያ አባት የብራና መጻሕፍታችንን ዝርዝር ሲያዘጋጁ፣ ልጅ ትምህርቱን ተያያዙት። በበርክሌይ አልፈው በ1992 ከኤም አይ ቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ጀርመን ሽቱትጋርት በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋምም ተመራመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሲያትል የመጡት።

ያኔ የፊውል ሴል ሰዎች በሁለት ጽንፍ ተይዘው ነበር። አንዱ ፕሮቶን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን የሰጠ ሃይድሮጂን፣ የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ስስ ሽፋን ይጠቀማል፤ ካልረጠበ አይሠራምና ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ እንኳ ልውውጡን የሚያፋጥነውን ፕላቲነም ይመርዘዋል። ሌላው ሴራሚክ ነው፤ 800 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። መሀሉ ላይ በደንብ የሚሠራ ጠጣር ነገር እምብዛም አልነበረም።

ሶስና ዓይናቸውን የጣሉት ግማሹ አሲድ ግማሹ ጨው በሆኑ ጠጣር ነገሮች ላይ ነው። ሲያትል ሳሉ፣ በ1995፣ ከሽቱትጋርት ባልደረቦቻቸው ጋር በዚሁ ዘር ላይ ጥናት አሳተሙ። ከነዚህ አንዱ ሲዚየም ሃይድሮጂን ሰልፌት ነው። እስከ 141 ዲግሪ ድረስ ዝም ያለ ነገር ነው። ከዚያ ሲያልፍ ግን ውስጡ ያሉት ሰልፌቶች መሽከርከር ይጀምራሉ፤ በዞሩ ቁጥር ፕሮቶኑን ለጎረቤት ያቀብላሉ፣ እንደ ደቦ ሥራ እጅ በእጅ። ፕሮቶን የማሳለፍ አቅሙም በሺህ እጥፍ ይዘላል።

«ታዲያ ማን ከለከለው?» ትሉኝ ይሆናል። ውሃ ነዋ! ጨው ነውና ይሟሟል፤ ፊውል ሴል ደግሞ ሲሠራ የሚያወጣው ውሃ ነው። ገና ሲጀምር ሟሙቶ ያልቃል ተባለ። እሳቸው ግን በ1996 ወደ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረውም አልተዉትም። መልሱን በ2001 ከተማሪዎቻቸው ጋር በኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት፦ ከ150 ዲግሪ በላይ የሚወጣው ውሃ እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ጨውን አያሟሟም። ሴሉም ሠራ።

ግን አልዘለቀም። ሃይድሮጂኑ ከፕላቲነሙ ጋር ተባብሮ ሰልፌቱን ራሱን ይበላው ጀመር፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ወጣ። ዝገት የምንለው ጠላት በሌላ መልክ ገባ ማለት ነው። ሰልፌቱን ትተው ከዚያው ዘር የሆነውን የፎስፌት ጨው አነሡ። እሱ ደግሞ ከ230 ዲግሪ በላይ ጎበዝ ቢሆንም ውስጡ ያለውን ውሃ እየለቀቀ ይፈርሳል። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጋዙን በእንፋሎት አርጥበው አስገቡለት፤ ጨውም ውሃውን መልቀቅ ተወ። በ2004 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ይህ ነው። ያጠፋዋል የተባለው ውሃ ጠባቂው ሆነ!

አገራቸውንም አልረሱም፦ በ2012 ታኅሣሥ የአሜሪካና የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች የማቴሪያል ሳይንስ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ሶስና ነበሩ፤ ቦታውም አዲስ አበባ። ከ2015 ጀምሮ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። የፊውል ሴሉ ሥራ ግን አላለቀም፤ ግትሩን ኦክስጅን ለማሳመን ዛሬም ብዙ ፕላቲነም ይፈጃል፣ ፕላቲነም ደግሞ ውድ ነው። ይህን የሚፈታ ከእናንተ መሀል ይውጣ። አንድ ሰው «ተዉት፣ ይሟሟል» ሲላችሁም፣ «በስንት ዲግሪ?» ብላችሁ ጠይቁት።