ከባሕር ዳር መራዊ፣ ጡቷ አግቶ

ስሙኝማ! የዛሬው ወሬዬ መራዊ ላይ ልጇን ለእናቷ ትታ ባሕር ዳር ባንክ ስለምትሠራ አንዲት እናት ነው። ስም አልሰጣትም፤ በዚያ መስመር እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው።

ልጁ አራተኛ ወሩ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሰጣትን 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ጨርሳለች። ጤና ባለሙያዋ ደግሞ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡትሽ በቀር ውኃም ቢሆን እንዳትሰጪው ብላታለች። ታዲያ በመካከል ያሉት ወራት የማን ናቸው? በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ። የእሷ ልጅ ከእነዚያ እንዲሆን ቆርጣለች።

ማታ መናኸሪያ ደረሰች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀመጠች። ሞልቶ ወጣ ሲባል ፍተሻ ላይ ሰልፍ። መንገዱ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅ፣ በደህናው ቀን አንድ ሰዓትም አይፈጅ፤ ዛሬ ግን ቆመ። ጡቷ አጋተ፣ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ከፊት ወንበር ሕፃን ሲያለቅስ ጊዜ ወተቱ በራሱ ወርዶ ልብሷን አረጠበው።

ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ካለ ይስማኝ። ያጋተ ጡት ሳይታለብ ከቆየ ሊቆስል፣ ሊቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊያመጣ ይችላል። ደግሞም ጡት ወተት የሚሠራው በሚወጣለት ልክ ነው፤ ወተቱ ውስጡ በዋለ ቁጥር የነገው ያንሳል።

ለፍተሻ ሲወርዱ እጇን በሳሙና ታጠበች። ስትመለስ ወደ ወተት አባይ የሚያልፉ አንዲት ባልቴት ሁኔታዋን አይተው «ነይ ልጄ፣ ወዲህ ግቢ» አሏት፤ የኋላውን ጥግ ለቀው በነጠላቸው ከለሏት። ማለቢያ መሣሪያ አልነበራትም፤ እጇ በቂ ነው። አውራ ጣቷን ከጥቁሩ ክብ በላይ፣ ሌሎቹን ከሥር አድርጋ መጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ፣ ቀጥሎ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ። ቆዳውን አላሸችም፣ ጫፉን አልጎተተችም። ጠብ ጠብ አለ፤ ኋላ ፈሰሰ። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያዘችው።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሹፌሩ «እህቴ፣ እስክትጨርሺ አንነሣም» አለ። አንዱ ሊያጉረመርም ሲል ባልቴቷ «አንተስ ምን ጠጥተህ አደግህ?» አሉት። ዝም አለ።

ወተቱ አይበላሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካላለፈ ቢበዛ ለአራት ሰዓታት ይቆያል፤ የመራዊ ምሽት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። በረዶ ባለበት ሳጥን አንድ ቀን ሙሉ፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። ቤት አያቱ በጡጦ ሳይሆን በሲኒ ያጠጡታል፤ ሲኒ ለማጠብ ይቀላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቀኑ ነው። ቀን ሥራ ቦታዋ የምታልበው መጸዳጃ ቤት ቆማ ነው። የልጅ ምግብ መጸዳጃ ቤት ይዘጋጃል? በር የሚዘጋ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ምን ያህል ያስወጣል? ሥራ አስኪያጆች፣ ይህን አስቡበት። ሹፌሮችና ረዳቶችም የኋላውን ጥግ ለምታጠባ እናት ልቀቁላት፤ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትሳፈራለች፣ ባልቴቷ ግን አብረዋት አይኖሩም።